የሞተር ሳይክል የኋላ ሾክ መቀየርና በቤት የሚሠራ ጥገና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በዋናነት የተጻፉት ለቦክሰር፣ ለኤችኤልኤክስ፣ ለአፓቼና ለመሰሎቻቸው ነው፤ ከ100 እስከ 180 ሲሲ ለሆኑ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ ላላቸው ሞተሮች ማለት ነው። ሾክ ስንል አንዳንዱ መካኒክ አሞርዛተር የሚለውን ነው። መፍታትና መግጠሙ ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው ምን እንደሚገዛ ማወቅ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከብር በፊት ሜትር ያስፈልጋል።

ጉድጓድ ስገባ ኋላው «ጓ!» ይላል። ሾኩ አልቋል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት በጥቂት ብር የሚስተካከሉትን አጣሩ። መጀመሪያ የሾኩ ጆሮ (በብሎን የሚታሰርበት ቀለበት) ውስጥ ያለውን ጎሚኒ፣ ማለትም ላስቲኩን እዩ። ጎሚኒው ሲያልቅ ብረት ከብረት ይገናኝና በየኮረኮንቹ ያንኳኳል፤ ሾኩን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ብታወዛውዙት ወዲያው ይታወቃችኋል። ቀጥሎ የኋላ ጎማውን ይዞ ከፍ ዝቅ የሚለው ክንድ ቦኮላ (ክንዱ በታሰረበት ዘንግ ላይ የሚዞርበት ማቀፊያ) አለ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙና ጎማውን ወደ ጎን ግፉት፣ ሳቡት። ክንዱ ከነጎማው ከተንገዋለለ ቦኮላው ነው፤ ክንዱ ጸጥ ብሎ ጎማው ብቻውን ከተንገዋለለ የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው።

የላላ ካቴናም (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) ሽፋኑን እየመታ ልክ የሾክ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። የጎማ ንፋስንም ለኩ። በዚህ መደብ ላሉ ብዙ ሞተሮች ለብቻ ሲነዳ ከኋላ 28 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ሰው ሲጫን ደግሞ 32 አካባቢ ነው፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው መጽሐፍ ላይ ወይም የካቴናው ሽፋን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። «እንዳይፈነዳብኝ» ብሎ 45 የሚያስነፋ ሰው ስለ ሾክ ማማረር የለበትም።

ታዲያ ሾኩ በእርግጥ መሞቱን በምን አውቃለሁ?

ሾክ ሁለት ሥራ የያዙ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ የሞላውን መዝለል ይገታል። ሞላ በቀላሉ አይሞትም፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ዘይቱን ይዞ የሚያስቀረው ፓራኦሊዮ ነው።

ከኋላ ቆማችሁ ወንበሩን በሙሉ ክብደታችሁ ወደ ታች ተጫኑትና ድንገት ልቀቁት። ጤነኛ ሾክ ረጋ ብሎ ይነሣና እዚያው ይቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ካለ ዘይቱ ሥራ አቁሟል። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ እዩ። ዙሪያው በዘይትና በአቧራ የተቦካ ጭቃ ካለ ፓራኦሊዮው አፍስሷል። በግራ በኩል ያለው ዘይት ግን ከካቴናው የተረጨ ሊሆን ስለሚችል ጠርጋችሁ አንድ ቀን ነድታችሁ ድጋሚ እዩት። ዘንጉ ላይ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ፓራኦሊዮም አያድነውም፤ ጭረቱ በጥቂት ቀን ይቆርጠዋል።

ሁለቱን እኩል ቀይሩ። አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ ማድረግ ክንዱን ያጣምማል፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ኋላው «የሚዋኝ» ይመስላችኋል።

ማስተካከያውን ወደ መጨረሻው ጥርስ ባዞረው ሾኩ ይጠነክራል አይደል?

አይጠነክርም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው።

ታች ያለው ደረጃ ደረጃ ቀለበት ሞላውን ከመነሻው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ይህ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጠውም፤ የሞተሩን ቁመት ነው የሚለውጠው። ሞላው በየአንዳንዱ ሚሊ ሜትር የሚፈልገው ኪሎ ያው የፋብሪካው ነው። ቀለበቱን ስታዞሩ ኋላው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከመምታቱ በፊት የሚወርድበት ርቀትም ይጨምራል። ሰው ወይም ጭነት ስትጭኑ ማዞር ያለባችሁ ለዚህ ነው።

የተጫነው ሲወርድ ደግሞ መልሱት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብቻውን በመጨረሻው ጥርስ ሲነዳ ሾኩ ወደ ላይ ተዘርግቶ ያልቅና ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ፒስታ (አስፋልት ያልለበሰ መንገድ) ላይ ኋላው እንደ ፌንጣ የሚዘልለው ያኔ ነው። ሰውየው «ሾኩ ጠንካራ ነው» ብሎ ያስባል፤ ችግሩ ግን ቁመት ነው።

ትክክለኛውን ቁመት እንዴት እለካለሁ?

ሜትር፣ ቁራጭ ፕላስተርና አንድ ጓደኛ ይበቃሉ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣ። ከጎማው ዘንግ መሃል ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ወንበሩ ሥር ፕላስተር ለጥፉና ርቀቱን ለኩ። 540 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ከማቆሚያው አውርዱትና ማንም ሳይቀመጥበት ወደ ታች ጫን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ድጋሚ ለኩ። 530 ቢሆን በራሱ ክብደት 10 ወርዷል። አሁን እናንተ ከነሄልሜታችሁ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ጓደኛችሁ ሞተሩን ከፊት ይያዘው፣ ወይም ግድግዳ በክንዳችሁ ተደገፉ፤ ሌላ ሰው ይለካ። 507 ቢመጣ በድምሩ 33 ወርዷል ማለት ነው።

በነዚህ ሞተሮች ላይ የኋላ ጎማው በጠቅላላው የሚጓዘው 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ነጂው ሲቀመጥ ከዚያ ውስጥ ሲሶው ገደማ ማለትም ከ30 እስከ 35 ቢወርድ ጥሩ ነው። ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ከ5 እስከ 15 ይውረድ።

ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ አንብቧቸው። ቀለበቱን አዙራችሁ የነጂውን 33 ካገኛችሁ በኋላ ሞተሩ በራሱ ክብደት ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው፤ በግድ ተጨምቆ ነው የያዛችሁ። በተቃራኒው በራሱ 20 ወርዶ እናንተ ስትቀመጡ ብዙም ካልጨመረ ሞላው ለክብደታችሁ ጠንካራ ነው። ሱቅ ስትሄዱ የምትይዙት መረጃ ይህ ነው፤ ባለሱቁ «ይሄ ምርጥ ነው፣ ሁሉም የሚወስደው ይሄንን ነው» ሲላችሁ የምትመልሱት ይኖራችኋል።

የሌላ ሞተር ሾክ በእኔ ላይ ይገባል?

ብዙ ጊዜ ይገባል። መግባቱ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ከላይኛው ጆሮ ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ያለውን ርዝመት ለኩ፤ 320፣ 330፣ 340 ሚሊ ሜትር ገበያ ላይ የሚታዩ መጠኖች ናቸው። የጆሮው ቀዳዳ 10፣ 12 ወይም 14 ሊሆን ይችላል። ትልቁን ቀዳዳ በተርነሪ በተሠራ ቡሽ (ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ የብረት ቀለበት) ማጥበብ ይቻላል፤ ትንሹን ግን በመሰርሰሪያ አታስፉት፣ ጆሮው ይሳሳል። የአንዳንዱ ሾክ ታችኛው ጫፍ ጆሮ ሳይሆን ሹካ ነው፤ እሱ ጆሮ በሚፈልግ ቦታ አይገጥምም። ወፍራም ሞላ ያለው ደግሞ በግራ ከካቴናው ሽፋን፣ በቀኝ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጋር እንዳይጋጭ ቢያንስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ከዚያ የሞላው ውፍረት ነው፤ እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። የሞላ ጥንካሬ የሚጨምረው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው። የጥቅሉ ስፋትና የዙሩ ብዛት እኩል ሆኖ ሽቦው ከ7 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጥንካሬው 14 በመቶ ብቻ አይጨምርም፤ 70 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። የሚሠራውን ዙር ቁጠሩ፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር ሞላው ይለሰልሳል። የቦክሰርን ሾክ ከሌላ ስታወዳድሩ ውስጡ ሌላ ትንሽ ሞላ መኖሩን አትርሱ፤ ኤስኤንኤስ የሚሉት ሞላ በሞላ ውስጥ የገባበትን አሠራር ነው። የውጪውን ብቻ ለክቶ «የኔ ቀጭን ነው» ማለት ያሳስታል።

ሶማሌ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ሾክ ስትገዙ ጥንዱ ከአንድ ሞተር የወጣ መሆኑን አረጋግጡ። እያንዳንዱን መሬት ላይ አቁማችሁ በእጅ ተጫኗቸው፤ ሁለቱ እኩል ፍጥነት ካልተመለሱ ተዉት።

ረዘም ያለ ገጥሜ ሞተሩን ከፍ ባደርገውስ?

አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ችግር የለውም። ከዚያ ሲያልፍ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ኋላው ሲነሣ ሞተሩ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መሪው ይቀልላል፣ በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የጎን ማቆሚያው ያጥርና ሞተሩ ብዙ ተጋድሞ ይቆማል፣ የመሃል ማቆሚያው ደግሞ ጎማውን ከመሬት አያነሣም። ካቴናውም ክንዱ የታሰረበትን ቦታ እየፈገፈገ ላስቲኩን ይበላል። አጭሩም ከዚህ አይሻልም፤ ጭነት ሲበዛ ጎማው ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ይነካል። የፋብሪካው ርዝመት ከነበረው ባይርቅ ነው የምመርጠው።

ቀይ ጠርሙስ ያለበት ጋዝ ሾክ ዋጋው ያዋጣል?

እውነተኛው ያዋጣል። ናይትሮጅን ጋዙ ዘይቱን በግፊት ስለሚይዘው ረጅም ኮረኮንች ላይ ሲሞቅ አረፋ አይሠራም፤ አረፋ የሆነ ዘይት ሞላውን መግታት ያቆማል። ዋስትና የሌላቸው ርካሾች ላይ ግን ያቺ ጠርሙስ ለጌጥ የተሰካች ባዶ ቆርቆሮ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ቀለሙን ትታችሁ ሾኩን ጨምቃችሁ አመላለሱን እዩ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው የራሱ ሞተር ኦሪጅናል ሾክ ከማንኛውም ኮፒ ጋዝ ሾክ ይሻላል ባይ ነኝ።

እሺ፣ ገዛሁ። እንዴት ልቀይረው?

ርዝመቱ ከድሮው እኩል ከሆነ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ያልተፈታው ሾክ ክንዱን በቦታው ይይዝላችኋል። ሞተሩን ደልዳላ መሬት ላይ በመሃል ማቆሚያው አቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የፊት ጎማውን በድንጋይ ደግፉ። ዳዶዎቹ ብዙ ጊዜ 14 ወይም 17 ቁጥር ናቸው። የቆየ ዳዶ ላይ ማታውኑ ዘይት ነክራችሁ አሳድሩት፤ ዝም ብላችሁ መፍቻው ላይ ቧንቧ አስገብታችሁ ከታገላችሁ ሞተሩ አካል ላይ የተበየደውን ብሎን ትሰብራላችሁ፣ ያ ደግሞ የብየዳ ሥራ ነው።

ከላይ ያለው ዳዶ በብዙዎቹ ላይ የኋላውን መያዣ ብረትም አብሮ ያስራል፤ ሲፈታ መያዣው ዝም ብሎ ይንጠለጠላልና አትደንግጡ። በቀኝ በኩል ማርሚታው የታችኛውን ብሎን ከሸፈነ የማርሚታውን ማሰሪያ አላሉ። ሮንዴላዎቹ (ከዳዶው ሥር የሚገቡት ስስ ቀለበቶች) የወጡበትን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ከጆሮው ውስጥና ውጭ ያሉት አንድ አይደሉም። አሮጌው ሲወጣ ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፣ ስስ ግራሶ ቀቡ፣ አዲሱን ከላይ አስገብታችሁ ከታች አግጥሙ። ቀዳዳው ትንሽ ከሳተ ጎማው ሥር ጣውላ አስገብታችሁ በእግር ቀስ አድርጋችሁ አንሡት፤ በመዶሻ አታስገቡት።

ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ሁለቱም ወገን ሲያልቅና ሞተሩ በሁለት ጎማው ሲቆም በመጨረሻ በመፍቻ አጥብቁ። ጎሚኒው ተጠምዝዞ እንዳይታሰር ነው። የማጥበቂያው ልክ መመሪያው ላይ አለ፤ ቶርክ መፍቻ መዋስ ከቻላችሁ ተዋሱ።

አዲሱ ከድሮው የሚረዝም ወይም የሚያጥር ከሆነ አንድ በአንድ አይሆንም። ሁለቱም መፈታት አለባቸው፤ ስለዚህ የሞተሩን አካል በክሪክ ወይም በሁለት ጠንካራ ሳጥን አስደግፉ።

ከቀየርኩ በኋላ ወዲያው ልንዳ?

ካቴናውን ሳታዩ አይሆንም። የፊት ጥርሱ፣ ክንዱ የታሰረበት ዘንግና የኋላ ጎማው ዘንግ በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው ከምንጊዜውም በላይ ይወጠራል። የሾኩ ቁመት ሲቀየር ያ ሁኔታ የሚፈጠርበት ቦታም ይቀየራል። ወፈር ያለ ሰው፣ ካስፈለገ ሁለት ሰው አስቀምጣችሁ ሦስቱ መስመር ሲይዙ ካቴናውን በጣት አንሡት፤ ያኔም ትንሽ መላላት አለበት። ካልላላ ኩሽኔታውንና የማርሽ ሳጥኑን ዘንግ ይበላል። ማንም ሳይቀመጥ ከታች መሃሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢጫወት ለብዙዎቹ ልክ ነው።

የፊት መብራቱን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉ፣ ያን የ33 ልኬት ድገሙት፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዳዶዎቹን ነክታችሁ እዩ።

ሞላው መሃል ጎማ ብወትፍበት ወይም በእሳት ባስተካክለው?

ሁለቱንም ተዉ። የተወተፈው ጎማ የዙሮቹን ሥራ ያግዳል፤ የቀሩት ዙሮች ከአቅማቸው በላይ ሠርተው ይሰበራሉ። እሳት የነካው ሞላ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየወረደ ይሄዳል። ሁለቱም ጉድ የሚሠሯችሁ ዳገት ላይ፣ ጭነት ላይ ነው።

ለካቴና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምን ችግር አለው?

ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስለሆነ መልሱ ደስ አይልም። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የሞተሩ የብረት ብናኝ አለ፤ ፒስታ ላይ ደግሞ አቧራ ይስብና የሞረድ ሊጥ ይሆናል። ካቴናውን በላምባ አጥቡ (ቤንዚን ጎሚኒ ቀለበት ላለው ካቴና አይሆንም)፣ አድርቁ፣ 80/90 የማርሽ ዘይት ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ስትጠርጉ ሞተሩ መጥፋት አለበት። የሚዞር ካቴና ጨርቁን ከነጣት ይዞ ይገባል።

የመኪና ዘይት ብጠቀም?

የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው) በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ ማንሸራተቻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ጋዝ ትሰጣላችሁ፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ሞተሩ አይሄድም። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚለውን ፈልጉ። «ኤምቢ» ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። ለቦክሰር ዓይነቶቹ 20/50 የተለመደ ነው። አቧራ መንገድ ላይ የምትውሉ ከሆነ በ2,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩት።

አዲስ አበባ ላይ ካርቡራተሩን አስተካክዬ ጋምቤላ ብወርድስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሞተር የተቃጠለበትም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅምና ለዚያ አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል። ብዙ መካኒክ ጄት የምትባለዋን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ በጠባብ ይቀይራትና ይስተካከላል።

ያው ሞተር 500 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ጋምቤላ ወይም ከዚያ ዝቅ ወደምትለው ሰመራ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ በጠባቧ ጄት የሚገባው ቤንዚን ያንሳል። ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ይግላል፤ ካንዴላው እንደ ኖራ ይነጣል፣ ቀጥሎ ፒስተኑ ነው። የፋብሪካዋን ጄት አትጣሏት፣ ወንበር ሥር አስቀምጧት። የካንዴላው ጫፍ ቡና ዓይነት ቀለም ከያዘ ልክ ላይ ናችሁ። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ ሞተር ያላችሁ ይህን ጣጣ እርሱት፣ እሱ በራሱ ያስተካክላል።

የአየር ማጣሪያውን አውልቄ ብነዳ ጉልበት ይጨምራል ይላሉ።

ይጨምራል የሚባለው ድምፁ ነው። አቧራው ሲሊንደሩን ይሞርዳል፣ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ነክራችሁ ጨምቁት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ንፋስ ይነፋል፣ ካልጸዳ ይቀየራል።

ሾክ መቀየር ከሕግ ጋር ያጣላል?

በመጠኑ የሚመሳሰል ሾክ መቀየር ጥገና ነው። የሚያጣላው ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሚነካ ነገር ነው፦ ቀለም፣ ሞተር መቀየር፣ የሻሲ ቁጥር ያለበትን ብረት መበየድ። የተቆረጠ ማርሚታም ዓመታዊ ምርመራ ላይ ችግር ያመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የሞተር እንቅስቃሴ ከተገደበ ወዲህ ትራፊክ ፖሊስ ሞተርን ጠበቅ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ያለምክንያት ዓይን የሚስብ ነገር አትግጠሙ።

አሮጌውን ሾክ ፈትቼ ሞላውን ላውጣው?

ያለ ሞላ መጭመቂያ አይሆንም። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር ጥርስ ያወልቃል። ጋዝ ያለበትን ደግሞ መሰርሰር፣ መቁረጥም ሆነ እሳት ማስነካት ክልክል ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊት ሾኩ ቢሞትም አለ። ጆሮውና ዘንጉ ደህና ከሆነ ፓራኦሊዮ ቀይሮ ዘይት የሚሞላ ጋራዥ ይወስደዋል። ካልሆነ ለቆራሌው ስጡት፣ ጋዝ እንዳለበት ግን ንገሩት።